ሚያዝያ ላይ ቀርጤስ፦ ማደሪያ ባሕር ዳር ይሻላል ወይስ ተራራው መንደር?

ሰላም ዘፍራንክፈርት

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ፋሲካን እዚህ አፓርታማ ውስጥ ተዘግተን ከምንውል ወደ ግሪክ፣ ወደ ቀርጤስ ደሴት ልወስዳት አሰብኩ። ፋሲካችን ከግሪኮቹ ጋር አንድ ቀን ነው። በ2019 ሚያዝያ 24 ይውላል፤ በፈረንጆቹ ሜይ 2። ከሆሣዕና ዋዜማ እስከ ፋሲካ ማግስት ያለውን ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ።

እናቴ ስድሳን አልፋለች። ሜዳ ላይ ብትውል አይደክማትም፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቷ ያስቸግራታል። ጾሟን አትገድፍም። መኪና እኔ እነዳለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ "ሃንያ ላይ ሆቴል ያዢ፣ ባሕሩ ይበቃሻል" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ፎቶ ላይ ያየኋቸው የድንጋይ መንደሮች ልቤን ወስደውታል። በዚያ ወቅት መንደር ማደር ያዋጣል? ወይስ ቀን ሄዶ ማታ መመለስ ነው የሚሻለው?

አቴንስ ነኝ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ግሪክ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ወደ ቀርጤስም እመላለሳለሁ።

መጀመሪያ ካርታውን እዪው። ደሴቱ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወገቡ ግን ቀጭን ነው፤ ኢየራፔትራ አካባቢ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ። ሰው ይህን ያይና "ዞሬ እጨርሰዋለሁ" ይላል። አይጨርሰውም። መሀሉን ተራራ ይዞታል። በስተ ምዕራብ ነጭ ተራሮች የሚባሉት አሉ፣ መሀል ላይ ፕሲሎሪቲስ 2,456 ሜትር ቆሟል። በሚያዝያ ጫፋቸው ገና በረዶ ነው፤ ታች ሜዳው ላይ ብርቱካኑ አብቦ መንገዱን ሁሉ ያውደዋል። ለአንድ ሳምንት ምዕራቡን ብቻ ያዢ፤ ሃንያን፣ ሬቲምኖንና ከኋላቸው ያለውን ተራራ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሃንያ የሚባልላትን ያህል ታምራለች። ወደቡን የሠሩት ቬኔዚያኖች፣ የጣሊያኗ ቬኒስ ሰዎች፣ ናቸው። መርከብ የሚመራውን የመብራት ማማ በ1830ዎቹ እንደገና የገነቡት ግብፆች፣ ዳር ላይ ያለው ባለ ጉልላት መስጊድ ደግሞ የቱርኮች ነው። ስፕላንዚያ አደባባይ ያለውን የቅዱስ ኒኮላዎስ ቤተ ክርስቲያን ለእናትሽ አሳዪያቸው። በአንድ ጎኑ የደወል ማማ፣ በሌላው ጎኑ የመስጊድ ሚናራ አለው። ወደቡን ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ውረዱበት። ዓሣ አጥማጁና ድመቱ ብቻ ነው የሚኖረው። ከሰዓት በኋላ አስተናጋጆቹ ምናሌ ይዘው እየጠሩሽ አላሳልፍ ይሉሻል።

ለዋና ከሆነ ግን እርሺው። ባሕሩ በዚያ ወቅት 17 ወይም 18 ዲግሪ ነው። "ባሕሩ ይበቃሻል" ያሉሽ ሰዎች ነሐሴ ላይ ሄደው ነው።

የኔ ምክር፦ እስከ ረቡዕ ሃንያ እደሩ። ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ መንደር ግቡ። ፋሲካ ሃንያ ላይ ትርኢት ነው፣ መንደር ላይ ግን የቤት ጉዳይ ነው።

ኪሩ ቦሌ

ሳንቶሪኒን ዘልሎ ቀርጤስ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ? ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ፎቶ... 😄

አቴንስ ነኝ

ኪሩ፣ ሳንቶሪኒ ደረጃ ነው። እኅታችን "ጉልበት" አለች እኮ።

ሹፌሩ

በመንደሩ ጉዳይ አልስማማም። መንደር ማደር ፎቶ ላይ ነው የሚያምረው።

የድንጋይ ቤት በሚያዝያ ሌሊት ብርድ ነው። ግድግዳው የክረምቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይቆያል። ብዙ ቦታ ማሞቂያው አንድ የእንጨት ምድጃ ብቻ ነው። አስኪፉን የመሰለ ከ700 ሜትር በላይ ያለ መንደር ብትገቡ ማታ ጋቢ ትፈልጋላችሁ። ምግብ ቤቶቹም ገሚሶቹ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይከፍታሉ። ትልቅ ሰው ይዞ የተዘጋ በር ማንኳኳት ደስ አይልም። ሃንያ ሆናችሁ ቀን ቀን ውጡ፤ ቴሪሶ የሚባለው መንደር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ስለ መንዳት ደግሞ ይህን ልብ በይ። በሰሜኑ ጠረፍ ያለው ዋና መንገድ በአብዛኛው በየአቅጣጫው አንድ መስመር ነው። የአገሩ ሰው ግማሽ ጎማውን ከነጩ መስመር ውጭ አውጥቶ ይነዳል፤ ከኋላ ያለው እንዲያልፍ ነው። የጀርመን አነዳድ ይዘሽ መሀል ላይ ቀጥ ካልሽ ከኋላሽ ተለጥፈው ይመጣሉ። ሳትናደጂ ቀኙን ያዢ፣ ያልፋሉ። ተራራው ላይ ፍየል ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ከጥምዝ በፊት ቀስ። በደቡብ ጠረፍ ወዳለው ወደ ስፋኪያ አገር ስትወርዱ የመንገድ ምልክቶቹ በጥይት ተበሳስተው ብታዪ አትደንግጪ። ሰዉ ዒላማ የሚለማመድበት እሱ ላይ ነው። መኪና ስትከራዪ ደግሞ ኢንሹራንሱ ጎማንና የመኪናውን ሆድ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ ድንጋዩ ግን የሚመታው እዚያው ነው።

ተራራ ለተራራ

ሹፌሩ ስለ አስኪፉ እውነቱን ነው። ግን መንደር ሁሉ አስኪፉ አይደለም! አፖኮሮናስ የሚባለውን ከሃንያ በስተ ምሥራቅ ያለውን ኮረብታማ አገር እዩት። ቫሞስና ጋቫሎሆሪ እዚያ ናቸው። ከፍታቸው ትንሽ ነው፣ ባሕሩ ከታች ይታያል፣ በረዶው ከኋላ ይታያል። ቫሞስ የድሮ የድንጋይ ቤቶችን አድሶ እንግዳ መቀበል ከጀመረ ቆይቷል። ሙቀት ያለው ቤት አይጠፋም፤ ስትይዙ ግን "ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው ወይስ በእንጨት?" ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ወደ ቀርጤስ የምሄደው ለእግር ጉዞ ነው፣ ሁልጊዜም በፀደይ። ከሰኔ በኋላ ሣሩ ይቃጠላል፤ ደሴቱ ቡኒ ይሆናል። በሚያዝያ የወይራው ሥር ሁሉ ቢጫ ነው። እናትሽ "አደይ አበባ እዚህም አለ?" ማለታቸው አይቀርም። በመካከሉ ቀያይ የዱር አበቦች ጣል ጣል ብለዋል። ከሬቲምኖ በስተ ደቡብ ካለችው ከስፒሊ መንደር በላይ ጊዩስ ካምቦስ የሚባል ሜዳ አለ፤ የዱር ቱሊፕና ኦርኪድ ለማየት ከመላው አውሮፓ ሰው ይመጣል። በሕማማት ሳምንት ቱሊፑ ሳያልፍባችሁ አይቀርም። ቢሆንም ስፒሊ ራሷ ትበቃለች። መሀል መንደሩ ላይ በሁለት ደርዘን ያህል የድንጋይ አንበሳ ራሶች አፍ ውኃ የሚፈስበት ምንጭ አለ። የተራራ ውኃ ነው፣ ሰው ጠርሙሱን ይሞላበታል።

ሳማሪያ ገደልን እርሱት። 16 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ነው፤ ከ1,230 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕሩ። መጨረሻው አጊያ ሩሜሊ የመኪና መንገድ ስለሌለው በጀልባ ነው የሚወጣው። የሚከፈተውም በተለምዶ ሜይ 1 ነው፤ በዚያ ዓመት ቀዳም ሥዑር ላይ ዋለ ማለት ነው። ኢምብሮስ ገደል 8 ኪሎ ሜትር ሆኖ ቀለል ይላል። ለታመመ ጉልበት ግን እሱም ድንጋይ ነው። ለእናትሽ የቴሪሶ ገደል ይሻላል። አስፋልቱ በገደሉ መሀል ያልፋል፤ መስኮት ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። የቀርጤስ ተወላጁ ፖለቲከኛ ቬኒዜሎስ በ1905 ያመፀው ከዚያው ከቴሪሶ መንደር ተነሥቶ ነው።

ከሬቲምኖ በኩል አርጊሩፖሊ የሚባለውን መንደር አትለፉት። ከገደሉ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፣ ምግብ ቤቶቹ የተሠሩት ውኃው ላይ ነው። ከጎንሽ ያለውን ሰው ለመስማት መጮኽ አለብሽ። እናቶች እዚያ ከተቀመጡ ማስነሳት ይከብዳል።

ሰላም ዘፍራንክፈርት

ተባረኩ! እናንተን ባላገኝ ኖሮ ሳማሪያን ይዤ ነበር።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ እናቴ ምን ትበላለች? ሁለተኛ፣ የአርብ ስቅለትና የቅዳሜ ሌሊት ሥርዓታቸው ከኛ ጋር ምን ያህል ይቀራረባል?

አቴንስ ነኝ

ስለ ምግቡ አትጨነቂ። ከፍራንክፈርት ይልቅ እዚያ ይቀላል። አንድ ቃል ያዢ፦ "ኒስቲሲሞ"፣ የጾም ማለት ነው። ማንኛውም ምግብ ቤት ገብተሽ ብትዪ ያውቁታል፤ በሕማማት ለብቻው የጾም ምናሌ የሚያወጡም አሉ።

ቀርጤስ ላይ የጾም ምግብ ንጉሡ ሆርታ ነው። ከተራራ የተለቀመ ቅጠል ተቀቅሎ የወይራ ዘይትና ሎሚ ይደረግበታል። ስታምናጋቲ የሚባለው እሾኻማ ዓይነት ትንሽ መረር ይላል፤ ጎመን ያደገበት ሰው ይወደዋል። ፋቫ ደግሞ የተፈጨ ቢጫ ክክ ነው፤ ላዩ ላይ ጥሬ ሽንኩርት ይበተናል። ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ አርቲቾክ ከእሸት ባቄላ ጋር ታገኛላችሁ። የወይን ቅጠሉን ስታዝዙ ሥጋ እንደሌለው ጠይቁ፣ ሁለቱም ዓይነት አለ። ቡሬኪ የሚባለው የሃንያ የአትክልት ጋገራ ግን አይብ አለበት፤ የስፋኪያውም ቂጣ እንዲሁ። እነሱን ለፋሲካ ማግስት አቆዩአቸው። ቭሪሴስ መንደር ያለውን የበግ እርጎ በማርም እንዲሁ።

ቡና ሲቀርብ "ስኬቶ" ካላችሁ ያለ ስኳር፣ "ሜትሪዮ" ካላችሁ መካከለኛ ነው። አተላው ከሥር ይቀራል፣ እናትሽ አያማስሉት። ከምግብ በኋላ ሳትጠይቁ ራኪ፣ የወይን አረቄ ማለት ነው፣ ይመጣል። ባለመጠጣት አይቀየሙም።

ጦሚ

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ግሪኮች በጾም ዓሣ አይበሉም ግን ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ይበላሉ። ደም የለውም ነው ክርክራቸው። ቀርጤሶቹማ ቀንድ አውጣም የጾም ነው ይላሉ፤ በሮዝመሪና በኮምጣጤ ጠብሰው። "ኒስቲሲሞ" ብለሽ ዝም ካልሽ አንድ ሰሐን ቀንድ አውጣ እናትሽ ፊት ሊቀመጥ ይችላል። ከባሕር የሚወጣም ቀንድ አውጣም እንደማትፈልጉ ጨምራችሁ ተናገሩ።

ኪሩ ቦሌ

ቀንድ አውጣ ለእማማ 😂😂 ቪዲዮ ይቀረጽልን።

ከአሽዶድ

ከእስራኤል ወደ ቀርጤስ ትልቅ ከተማ ወደ ሄራክሊዮን በረራው አጭር ስለሆነ እኛ ጋ ብዙ ሰው ይሄዳል። ሃንያ ስትሄዱ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ኤጽ ሃዪም የሚባለውን ምኩራብ እዩት። ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው፣ በሩን ካልፈለጋችሁት ታልፉታላችሁ። የደሴቱ አይሁዶች በ1944 በናዚዎች ተይዘው ሲወሰዱ የተጫኑባት ታናይስ የምትባል መርከብ ባሕር ላይ ሰጠመች። ማኅበረሰቡ በአንድ ሌሊት አለቀ ማለት ይቻላል። ምኩራቡ ለዓመታት ፈርሶ ቆይቶ በ1999 እንደገና ተከፍቷል። ግቢው ጸጥ ያለ ነው፤ ብዙ ቆየሁበት።

ከዚያ በእግር ወደ ኩም ካፒ ባሕር ዳር ውጡ። ዛሬ የቡና ቤት ሰፈር ነው። በቱርኮች ዘመን ግን ከግብፅና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ሰዎች፣ ጥቁሮችም ጭምር፣ የኖሩበት ሰፈር ነበር። አብዛኞቹ እስላሞች ስለነበሩ በ1923ቱ የግሪክና የቱርክ የሕዝብ ልውውጥ ሄዱ። ምልክት ስለሌለው ካልነገሩህ አታውቀውም።

ስለ አየሩም አንድ ነገር። በፀደይ ከሊቢያ በኩል የደቡብ ነፋስ ሲነሣ ሰማዩ ብርቱካንማ ይሆናል፣ መኪናው በአሸዋ ይሸፈናል። አስም ያለበት ሰው ካለ መድኃኒቱን ይያዝ። ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል።

መምህረ ገጠር

ስለ ሥርዓቱ ለጠየቅሽው።

ቀርጤስን እናትሽ ከመጽሐፍ ያውቋታል። ቅዱስ ጳውሎስ ቲቶን የተወው እዚያ ነው። የቲቶ የራስ ዐፅም ሄራክሊዮን በስሙ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን አለ። ቬኔዚያኖች ሲወጡ ይዘውት ሄደው በ1966 ተመልሷል። ከሬቲምኖ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ደግሞ በሐዋርያት ሥራ 27 ላይ መርከቧ ልትከርምበት አስባ ሳትደርስ የቀረችው ወደብ፣ ፊንቄ፣ ዛሬ ሉትሮ ከምትባለው የደቡብ ጠረፍ መንደር ጎን ነው። ማዕበል ወሰዳቸውና መላጥያ ደረሱ።

ልዩነቱን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ አንድ ስላልሆንን መቁረብ የለም። መቆም፣ ሻማ ማብራት፣ መሳለም ይቻላል፤ ማንም አይከለክልም። ጫማ አይወልቅም፤ እናትሽ በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ ሰው ግራ ይገባዋል። ወንበርም አለ። ነጠላ መልበስ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም አሮጊቶቹ ይወዱታል።

ሹፌሩ

ሉትሮ በመኪና አይደረስም። ከሆራ ስፋኪዮን በጀልባ ነው ወይም በገደል አፋፍ መንገድ ሁለት ሰዓት በላይ በእግር። በሚያዝያ ጀልባው ጥቂት ነው፤ ባሕሩ ከተናወጠ ጭራሽ ይቀራል። ሆራ ስፋኪዮን ድረስ ሄዳችሁ ካልሆነ እዚያው ወደቡ ላይ ተቀምጣችሁ ተመለሱ። መንገዱ ራሱ ያስደስታል፤ ከአስኪፉ ቁልቁል ስትዞሩ የሊቢያ ባሕር በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል።

አቴንስ ነኝ

የፋሲካውን ሌሊት እኔ ልንገርሽ።

ሐሙስ ማታ የመንደሩ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባሉ። የጌታ መቃብር ምሳሌ የሆነውን ኤፒታፊዮስ በአበባ ያስጌጣሉ። ሎሚ አበባ፣ ጽጌረዳ፣ ከየጓሮው የተገኘው ሁሉ ይመጣል። እናትሽ አበባ ይዘው ቢገቡ እጃቸውን ይዘው ያስገቧቸዋል። ቋንቋ አያስፈልግም። አርብ ማታ ያንን ተሸክመው መንደሩን ይዞራሉ፤ ሰዉ ሻማ ይዞ ይከተላል። ሃንያ ላይ ሰልፉን ከእግረኛ መንገድ ቆመሽ ታዪዋለሽ። መንደር ላይ አብረሽ ትሄጃለሽ።

ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ እንጨት ሲለቅሙ ይከርማሉ። ቅዳሜ ሌሊት ግቢው ውስጥ ትልቅ ደመራ ይሠራል፣ ፉናራ ይሉታል፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አሻንጉሊት ይሰቀላል። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ይጠፋል። ካህኑ አንድ ሻማ ይዘው ይወጣሉ፣ ብርሃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። "ክሪስቶስ አኔስቲ!" ይባላል፣ "አሊቶስ አኔስቲ!" ይመለሳል። እናትሽ በግዕዝ ቢመልሱም ያስኬዳል። በዚያች ደቂቃ ይሁዳ ይቃጠላል፣ ርችት ይፈነዳል። አንዳንድ ተራራ መንደር ጠመንጃም ይተኮሳል። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ከደመራውም ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ከዚያ የሚያስገርማቸው ይመጣል። ሰዉ ሻማውን ይዞ ወደ ቤቱ ይበተናል! ቅዳሴው ገና አላለቀም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የኛ እናቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው የለመዱ ናቸው። መቆየት ከፈለጉ ቦታው ሰፊ ነው። ቤት የሄደው በሻማው ጭስ በበሩ ጉበን ላይ መስቀል ይሠራል፣ ቀይ እንቁላል ያጋጫል፣ ማዪሪጻ የሚባለውን የበግ ሆድ ዕቃ ሾርባ ይጠጣል። እሑድ በየደጁ በግ ይጠበሳል። አልፋችሁ ስትሄዱ ይጠሯችኋል፤ አንዴ አመስግናችሁ እምቢ ብትሉም ሁለተኛ ሲጠሯችሁ ተቀመጡ።

ሹፌሩ፣ ምግብ ቤት ይዘጋል ያልከው ለተራ ሳምንት ልክ ነው። በፋሲካ ግን አቴንስ ያለው ልጅ ሁሉ ይመለሳል፤ መንደሩ በዓመት አንዴ የሚሞላው ያኔ ነው።

ሹፌሩ

ይሁን፣ ለፋሲካ እሺ። ለተራ ሳምንት ግን ከቃሌ አልወርድም። እና ነዳጅ ሐሙስ ላይ ሙሉ። አርብ ጠዋት ሱቅ ዝግ ነው፤ እሑድና ሰኞም እንዲሁ።

ሰላም ዘፍራንክፈርት

ወሰንኩ። ከሆሣዕና ዋዜማ እስከ ረቡዕ ሃንያ አሮጌው ከተማ ዳር፣ ደረጃ የሌለው ቤት። በዚያ ጊዜ ቴሪሶንና ስፋኪያን እናያለን። ከሐሙስ ጀምሮ ቫሞስ ወይም ጋቫሎሆሪ። አርጊሩፖሊንና ስፒሊን ለፋሲካ ማግስት፣ ሄራክሊዮንን እንደ ሁኔታው።

ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችው "ምድጃ አላቸው ወይ? ድፎ ዳቦ ሳልጋግር ፋሲካ አይውልም" ነው። ጥቁር አዝሙድ ከአዲስ አበባ ይዛ ልትመጣ ነው።

ተራራ ለተራራ

ቤቱን ስትይዙ ምድጃ ያለው ብላችሁ አጣሩ፤ አንዳንዱ ኩሽና ሁለት እሳት ብቻ ነው ያለው። በግቢው የድሮ የእንጨት ምድጃ ያለውም አለ። እዚያ ባለቤቷን ይጠይቁ፤ በዚያ ሳምንት የራሷንም ስለምትጋግር ታነድላቸዋለች።

አቴንስ ነኝ

ዱቄቱንና እርሾውን ሃንያ እያላችሁ ግዙ፣ እስከ ረቡዕ። እርሾ በግሪክኛ "ማያ" ነው። ኮባ ግን አታገኙም፤ የወይን ቅጠል ይሞክሩበት።